የመንግሥት ቢሮ የኢንተርኔት ስም እንደ ማህተሙ ይጠበቅ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን፣ ፎርም ማስሞላት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ባለፈው ክረምት ማመልከቻ ላስጽፍ ገብቼ ተራ ስጠብቅ አንዲት ልጅ መጣች። የፕላስቲክ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። በጠዋት ተነስታ ከገጠር እንደመጣች ያስታውቃል። ስልኳን ለእትዬ ዘረጋችላቸው።

«እትዬ፣ ይቺን ያትሙልኝ። የሥራ መመዝገቢያ ናት።»

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉ። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። ከላይ ባንዲራ አለ። አርማ አለ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ስም በደማቁ ተጽፏል። ታች ላይ ደግሞ «የመመዝገቢያ 300 ብር በቴሌብር ላኩ» ይላል።

«ልከሻል እንዴ ልጄ?»

«ትናንት ላክሁ።»

እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «አብሽሪ፣ እናጣራልሻለን» አሏት። እኔም ጊዜ ነበረኝና አብሬያት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። የሰው ኃይል ክፍሉ በትሕትና ነው ያስተናገደን። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አላወጣንም አሉ። ልጅቷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን መጥረግ ጀመረች። እኔ አንድ ነገር ጠየቅሁ። «እሺ፣ የእናንተ ትክክለኛ አድራሻ የቱ ነው? ሌላ ጊዜ እሱን እንድታይ።» ሰውየው አሰብ አደረገ። የፌስቡክ ፔጅ ነገረኝ። «ግን የድሮውን የሚይዘው ልጅ ተዛውሯል፤ አሁን አዲስ ከፍተናል» አለ። ኢሜይላቸውን በቁራጭ ወረቀት ጻፈልኝ። ጂሜይል ነው። ዌብሳይትስ? «ነበረን፤ አሁን አይሠራም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰው ልጅቷን «ተሞኘች» ይላል። አልተሞኘችም። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምትለይበት ምልክት አልሰጠናትም። በወረቀት ቢሆን ኖሮ ክብ ማህተም አለው ወይ ብላ ታይ ነበር። ይህን አያቷም ያውቃሉ። ስልክ ላይ ግን ማህተሙ የቱ ነው?

ማህተሙ አድራሻው ነው። ዶሜይን የምንለው ማለቴ ነው።

ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ሰው ግን ቁጥር አይያዝለትም። ስለዚህ በፈረንጆቹ 1983 አካባቢ ቁጥሩን በስም የሚተካ ሥርዓት ተበጀ። ዛሬም የምንጠቀመው እሱኑ ነው። ይህ ስም ሲታይ ዋናው ቁም ነገር መጨረሻው ላይ ነው። «ዶት ኢቲ» የኢትዮጵያ ነው፤ በ1995 በፈረንጆቹ ለአገራችን የተመደበ። የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ከኢቲ በፊት ደግሞ ሌላ ክፍል ይገባል። ኮም ለንግድ፣ ኦርግ ለድርጅት፣ ኢዱ ለትምህርት ተቋም፣ ጎቭ ለመንግሥት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ በ«ኢዱ ዶት ኢቲ» ነው የሚጨርሰው።

ዶት ኮምን ማንም ይገዛል። እኔም እገዛለሁ፤ የልጅቷን 300 ብር የበላውም ሰውዬ ይገዛል። «ጎቭ ዶት ኢቲ» ግን በር አለው። መንግሥት ያልሆነ ሰው በዚያ በር መግባት የለበትም። የዚያ ስም ዋጋ በሙሉ ያለው በበሩ ላይ ነው። አጭበርባሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ «ጎቭ» የሚለውን ቃል መሀል ላይ ይሰነቅሩና መጨረሻውን ዶት ኮም ያደርጉታል። ዓይን በቶሎ ሲያልፍ አይለየውም። እባካችሁ ለልጆቻችሁ ይህን አንድ ነገር አሳዩአቸው። መጨረሻውን እዩ በሏቸው።

ችግሩ፣ እውነተኛው ቢሮ ራሱ በሩን አልፎ ካልገባ ለልጆቻችን ይህን ማስተማር ምን ይጠቅማል? የወረዳው አድራሻ ራሱ ዶት ኮም ከሆነ፣ ኢሜይሉ ጂሜይል ከሆነ፣ ሐሰተኛው ከእውነተኛው በምን ያንሳል?

ሌላ ታሪክ ልንገራችሁ። አንድ የማውቀው ወጣት አለ። እዚሁ ወሎ በአንድ ወረዳ የአይቲ ባለሙያ ነበር። ትጉህ ልጅ ነው። አለቆቹ «ዌብሳይት ይኑረን» አሉት። በጀት ግን አልያዙለትም። በዶላር መክፈል ደግሞ እንደምታውቁት ለእኛ ቀላል አይደለም። ጅዳ ለሚኖር የአክስቱ ልጅ ደወለ። የአክስቱ ልጅ በካርዱ ከፈለለት። ስሙ በዶት ኮም ተመዘገበ። ልጁ ማታ ማታ እየሠራ በአንድ ወር ውስጥ ዌብሳይቱን አደረሰው። የክትባት ቀን፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት ይለጠፍበት ጀመር። አድራሻው በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በቀለም ተጻፈ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ የተሻለ ሥራ አገኘና ለቀቀ። ክሊራንስ ዞረ። ንብረት ክፍሉ ላፕቶፑን፣ ወንበሩን፣ ፍላሹን ሳይቀር ቆጥሮ ተረከበው። ስለ ዶሜይኑ የጠየቀው የለም። ጅዳ ያለው ዘመዱም ባንክ ቀየረና የድሮ ካርዱ ተዘጋ። «ክፍያዎ አልታደሰም» የሚሉት ኢሜይሎች ለእሱ ነበር የሚደርሱት። ምን እንደሆኑ አላወቀም፤ አለፋቸው።

የዶት ኮም ስም ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም። መዝጋቢው ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሳምንት ይታገሣል። ከዚያ 30 ቀን በተጨማሪ ክፍያ ማስመለስ ይቻላል። ከዚያ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለገበያ ይወጣል። ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ስሞች ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሥራቸው ነው። ሰው የለመደውን አድራሻ አንስተው ቁማር ይሸጡበታል። የወረዳውም ስም እንደዚያ ሄደ። ዛሬ ያንን አድራሻ ብትከፍቱ የስፖርት ውርርድ ነው የሚመጣው። የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ግን በቀለም እንደተጻፈ አለ።

ልጁን ሳገኘው «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። እኔ አልቀበልም። እሱ በኪሱና በዘመዱ ኪስ የመንግሥት ሥራ ሠራ። ያጠፋው፣ የሕዝብን ስም በአንድ ሰው ጂሜይልና በአንድ ዘመድ ካርድ ላይ እንዲንጠለጠል የፈቀደው አሠራር ነው።

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ማህተም እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። ካዝና ውስጥ ነው የሚያድረው። የሚያትመው ሰው በደብዳቤ ይወከላል። ኃላፊው ሲቀየር ስሙ ያለበት ቲተር ይቀየራል፤ ክቡ ማህተም ግን በርክክብ ቃለ ጉባኤ ለተተኪው ይተላለፋል። መሥሪያ ቤቱ ሲፈርስ ማህተሙ ተመላሽ ይሆናል። ቢጠፋ በጋዜጣ ይነገራል። ስቴፕለር እንኳ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ነው የሚወጣው። ሕዝብ ሁሉ የሚያየው የቢሮው ስም ግን የትም መዝገብ ላይ የለም። የማን እንደሆነ አይታወቅም። መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ቁልፉ የማን ኪስ ውስጥ እንዳለ አይታወቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ለማህተም ያለን ጥንቃቄ ለዶሜይንም ይሁን ነው። ይህም በአንድ አጭር ደንብ ተጽፎ እስከ ወረዳ ይውረድ። በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ያሉ የአይቲ ልጆችን ጠይቄያለሁ። ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ «ደንቡ ይኸው» ያለኝ አንድም ሰው የለም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ነው የሠሩት? እንግሊዝ ውስጥ የትንሽ መንደር ምክር ቤት እንኳ በመንግሥት ዶሜይን ሥር ስም ማስመዝገብ ይችላል። ግን የአይቲ ባለሙያው ብቻውን ተነስቶ አይጠይቅም። የተቋሙ የበላይ ኃላፊ መፍቀዱን በጽሑፍ ያሳያል። ስሙም ይመረመራል። የመንደር ምክር ቤት የመንደሩን ስም ብቻውን ቆንጥሮ መውሰድ አይችልም። ምክር ቤት መሆኑን የሚያሳይ ነገር ስሙ ላይ መኖር አለበት። ጃፓን ደግሞ ለአካባቢ አስተዳደሮች ብቻ የተለየ መጨረሻ አላት። ከተማና መንደር በዚያ ሥር ነው የሚገባው፤ ሌላ ሰው አይገባም።

ስም የመስጠቱ ነገር ቀላል ይመስላል። እኛ ወሎ ውስጥ ግን ቀላል አይደለም። እስኪ ቦረናን ውሰዱ። መካነ ሰላም ያለው የደቡብ ወሎው ቦረና ወረዳ ነው። ቦረና ሲባል ግን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያስበው ያቤሎን ነው፤ የኦሮሚያውን ቦረና ዞን። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፤ ሁለቱም መንግሥት ናቸው። «ቦረና ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» የማን ይሁን? ቀድሞ ለደረሰ? ኮምቦልቻም እንደዚያው ነው። የእኛ ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ትልቅ ከተማ ናት። ምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ። ደሴ ራሷ ከተማ አስተዳደር ናት፤ ዙሪያዋን ደግሞ ደሴ ዙሪያ የሚባል ራሱን የቻለ ወረዳ አለ። ከኩታበር መንገድ የመጣ ገበሬ የግብር ጉዳዩን «ደሴ» በሚለው ስም ሥር ቢፈልግ የማን በር ላይ ይደርሳል?

«ወሎ» የሚለው ስምስ? ወሎ ዛሬ አንድ አስተዳደር አይደለም። ሰሜን ወሎ አለ፣ ደቡብ ወሎ አለ፣ ከሚሴ ላይ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አለ፣ ሰቆጣ ላይ ዋግ ኽምራ አለ። ሁሉም ከድሮው ወሎ የወጡ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ባዶውን «ወሎ» ለብቻው ቢያስመዘግብ ቅር የሚለው ብዙ ነው። በእኔ እምነት እንዲህ ያለ የጋራ ስም ለማንም መሰጠት የለበትም። ደንቡ ቆልፎ ያስቀምጠው። ወደፊት ሁሉም ተስማምተው ለቱሪዝም ይሁን ለቅርስ የጋራ ገጽ ቢከፍቱበት ግን ደስ ይለኛል።

ለቦረናና ለኮምቦልቻ መፍትሔው ደረጃ ነው። ወረዳው በዞኑ ሥር፣ ዞኑ በክልሉ ሥር ይግባ። የቤት አድራሻ ስንናገር እንደምናደርገው። አንዳንዶች ስሙ ይረዝማል ይላሉ። ይርዘም። አጭር ስም አግኝቶ ሰው ከማሳሳት ረጅም ሆኖ ቀጥ ያለ ይሻላል። አይቲ ያጠኑ ወዳጆቼ በዚህ ላይ ይከራከሩኛል። ዞን ሲከፈል ወይም ወረዳ ሲካለል አድራሻው አብሮ ይፈርሳል ይሉኛል። ልክ ናቸው። ለዚያም መልሱ አሮጌው ስም ለዓመታት ወደ አዲሱ እንዲመራ ማስገደድ ነው። ፖስታ ቤት አድራሻ ለቀየረ ሰው ደብዳቤውን እንደሚያስተላልፍለት ማለት ነው።

የፊደሉ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ደሴን በላቲን ጻፉ ብትሉ አንዱ ኤስ አንድ ይበቃል ይላል። ሌላው ሁለት ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ አንዱ ኢ ብቻ፣ ሌላው አይ ጨምሮ። ወልድያን አንዱ በኦ ሌላው በኢ፣ አንዱ በዋይ ሌላው በአይ ይጽፋታል። ወሎ ራሱ ሁለት ኤል ነው አንድ? አንድ ዞን አንዱን መርጦ ሲያስመዘግብ ሌሎቹ ሁሉ ክፍት ይቀራሉ። አጭበርባሪ የሚፈልገው ይህንኑ ክፍተት ነው። ስለዚህ ለየቦታው አንድ የታወቀ የላቲን አጻጻፍ ይወሰን፤ ሌሎቹ የተለመዱ አጻጻፎችም አብረው ለዚያው ቢሮ ይያዙለት።

ለምን በግእዝ ፊደል አንጽፍም የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም እመኘዋለሁ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው። አረቦቹ በ2010 የአገር ዶሜይናቸውን በራሳቸው ፊደል መጻፍ ጀምረዋል፤ ግብፅ፣ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ። የእኛም ቀን ቢመጣ ግን ከላቲኑ ያልተናነሰ ሥራ ይጠብቀናል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችውን ከተማ አስቡ። ሐይቅ ነው? ሃይቅ? ኃይቅ? ሲነበብ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያየ ስም ነው፤ ሦስት የተለያየ ሰው ሊገዛው ይችላል።

ቃል በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ ምን እንደሚያመጣ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። ውጫሌ አምባሰል ውስጥ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ ሆነ። መጨረሻው አድዋ ነበር። የኢንተርኔት ስም ጦርነት አያመጣም። ግን ስም በሁለት ፊደል ሲኖር ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን እንዳለበት ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ሌላው ያሳሰበኝ ነገር መሥሪያ ቤቶቻችን ስም መቀየራቸው ነው። መንግሥት የአስፈጻሚ አካላትን አዋጅ ባወጣ ቁጥር ይዋሃዳሉ፣ ይከፈላሉ። በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂና የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴሮች ተዋህደው ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሆኑ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በዚያው ዓመት ተቋቁሞ በአዋጅ 1263/2014 ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። የአገር አቀፍ ትምህርት ምዘናና ፈተናዎች ኤጀንሲ አሁን የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ስም ሲቀየር የእንግሊዝኛው አህጽሮት ይቀየራል። አህጽሮቱ ሲቀየር አድራሻው ይቀየራል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣ ቀን እትዬ ቤት መጥታችሁ ብታዩ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። ተማሪው ወረፋ ይዞ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ «የዘንድሮው ሊንክ የቱ ነው?» ነው ጥያቄው። ታላቅ እህቱ ያየችበት ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ አምስት ዓይነት ሊንክ ይዞራል። ከአምስቱ ስንቱ እውነተኛ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አድራሻ በአህጽሮት መሠራት የለበትም እላለሁ። በሥራው ይሰየም። ፈተና ፈተና ነው፤ ኤጀንሲም ሆነ አገልግሎት። ግብር ግብር ነው። ተጠቃሚው የሚያስታውሰው የመጣበትን ጉዳይ ነው። እና ደግሞ የፈረሰ መሥሪያ ቤት ስም ለገበያ አይለቀቅ። ማህተሙ ተመላሽ እንደሚሆነው ስሙም ለመዝጋቢው ይመለስና ይቆለፍ።

ስለ ኢሜይል ትንሽ ልበል። የራስ ዶሜይን ያለው ቢሮ የራሱ ኢሜይል ይኖረዋል። ያ ኢሜይል የወንበሩ ነው። ግዥ ክፍል ሰው ሲቀየር የግዥ ክፍል ሳጥን እዚያው ይቀራል። አሁን ግን ሰውየው ሲዛወር ጂሜይሉን ይዞ ይሄዳል፤ የተጫራቾች ጥያቄ፣ የአመልካቾች መታወቂያ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ሁሉም በእሱ ስልክ ላይ ይቀራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። የዜጋን መረጃ ከተዛወረ ሠራተኛ ስልክ ላይ እየተውን ያንን አዋጅ እንዴት ነው የምናከብረው?

ወሎ ያየውን መከራ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ። ኮምፒውተር ተጫነ፣ ፋይል ተበተነ። ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። በኋላም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ የቢሮው ስም በአንድ ልጅ ስልክ ላይ የተመዘገበ ቢሆን፣ የማሳደሻ ማሳሰቢያውን ማን ያያል? ዶሜይን በሥርዓት ከተያዘ ከዚህ ሁሉ ይተርፋል። ሕንፃው ውስጥ ስላልሆነ አይዘረፍም። መዝጋቢው የመንግሥት ቢሮን ስም ክፍያ ዘገየ ብሎ እንዳይዘጋ ደንቡ ቢከለክለው፣ ቢያንስ ሦስት ሰው በሥራ መደቡ ተወክሎ ቁልፉን ቢያውቀው፣ ሕዝብ ተመልሶ ሲመጣ በሩን እዚያው ያገኘዋል። ሰው ከስደት ሲመለስ መጀመሪያ የሚፈልገው ክፍት የሆነ ቢሮ ነው። እኛ አይተነዋል።

ክፍያን በተመለከተ ሐሳቤ አጭር ነው። ለወረዳና ለቀበሌ ነፃ ይሁን። አሜሪካ የመንግሥት ዶሜይን ለረጅም ጊዜ በዓመት 400 ዶላር ታስከፍል ነበር። ትንንሽ ከተሞች በዚህ ምክንያት ርካሹን ዶት ኮም ይገዙ ነበር። በ2021 በፈረንጆቹ ሥራው ወደ ሳይበር ደህንነት ኤጀንሲያቸው ተዛወረና ክፍያው ቀረ። ሀብታም አገር እንኳ ዋጋው ትንንሾቹን እንዳራቀ ገብቶት አንስቶታል። የእኛ ወረዳ በበጀት መዝጊያ ሰኔ ላይ ለወረቀትና ለቀለም እየተጨነቀ ለዶሜይን መስመር ይከፍታል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ደንብ ሲባል የሚፈራ ሰው አለ። እኔም እፈራለሁ። ደብዳቤ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሲንከባለል ዓመት ይሞላል። እንደዚያ ከሆነ የአይቲው ልጅ ተስፋ ቆርጦ ጅዳ ይደውላል፤ አልፈርድበትም። ስለዚህ ደንቡ ላይ ቀን ይቀመጥ። ማመልከቻው በተሟላ በ10 የሥራ ቀን መልስ ይሰጥ። መከልከል ካለ ምክንያቱ ይጻፍ። ለዚህ ሲባል ማንም 400 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ አይሂድ። ማመልከቻው ላይ የሚፈርመው የአስተዳደሩ ኃላፊ ይሁን። ስልክ ተደውሎም ይረጋገጥ፤ ስልኩ ግን አመልካቹ የጻፈው ቁጥር ሳይሆን በመንግሥት መዝገብ ያለው ቁጥር ይሁን። ሐሰተኛ የሚያዘው እዚህች ጋ ነው።

ፌስቡክና ቴሌግራም እያለ ይሄ ሁሉ ለምን የሚሉኝም አሉ። ሰው ያለው እዚያ ነው፤ እውነት ነው። ፔጁን አትዝጉ። ግን ፔጁ ከዶሜይኑ ይነሳ። ዌብሳይቱ ላይ «የእኛ ትክክለኛ ፔጅ ይኸው» ተብሎ ይጻፍ። ያኔ ሰው ሲጠራጠር የሚያመሳክርበት አንድ ቦታ ይኖረዋል። ልጅቷ ያጣችው ያንን ቦታ ነው።

ሰሞኑን እትዬ ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። የልጅቷ ብር እንዳልተመለሰ ነገሩኝ። ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ለጥፈዋል፤ ፕላስቲክ አልብሰውታል። በግራ የጉዳዩ ዓይነት ነው፣ በቀኝ ትክክለኛው አድራሻ። ፈተና፣ ፓስፖርት፣ ግብር፣ ንግድ ፈቃድ። ሁለቱን በማርከር ሰርዘው አዲሱን ከጎኑ ጽፈዋል። ሰው መጥቶ ሊንክ ሲያሳያቸው መጀመሪያ ወደዚያ ወረቀት ነው የሚያዩት። ከታች «ወረዳ» ብለው የጻፉበት መስመር ግን ባዶ ነው።

«እሱስ?» አልኋቸው።

«ጠይቄአቸዋለሁ። ሲያወጡ ይነግሩኛል፤ ቦታውን ትቼላቸዋለሁ» አሉኝ።